የበረሃ ወይራ ነን

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሮሜን መልእክት ስናጠና አንድ ወጣት፣ «አይሁድ ክርስቶስን አልተቀበሉም፤ ታዲያ እግዚአብሔር ከእነርሱ ጋር የነበረውን ነገር ጨርሷል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከመካከላችን አንዱ ሳያመነታ፣ «አዎን፣ ዛሬ እስራኤል የምንባለው እኛ ነን» ሲል መለሰ፤ ብዙዎቻችንም፣ እኔን ጨምሮ፣ በዝምታ ተስማማን። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ከምዕራፍ 9 እስከ 11 ያለውን ሳላቋርጥ አነበብሁት፤ የተስማማሁበትም መልስ ከሐዋርያው ቃል ጋር እንደማይገጥም ተረዳሁ።

ጳውሎስ ይህን መልእክት ለሮም ምእመናን የጻፈው በ57 ዓ.ም. ገደማ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ንጉሠ ነገሥቱ ቀላውዴዎስ አይሁድ ከሮም እንዲወጡ አዝዞ ነበር፤ አቂላና ጵርስቅላ ወደ ቆሮንቶስ የመጡትም በዚሁ ምክንያት እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ይነግረናል። ቀላውዴዎስ በ54 ሲሞት የተሰደዱት መመለስ ጀመሩ፤ ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ግን ትተዋት የሄዱት ማኅበር ከአሕዛብ ወገን የሆኑ አማኞች የሚበዙባትና የሚመሯት ሆና ጠበቀቻቸው። ቀድሞ በእንግድነት የገባው አሁን ባለቤት ሆኖ ነበር። ጳውሎስ «እግዚአብሔር ሕዝቡን ጣላቸውን?» ብሎ ጠይቆ ወዲያው «አይደለም» ብሎ ሲመልስ፣ የሚናገረው በተለይ ለእነዚህ አዲስ ባለቤቶች ነው።

ከዚያ የወይራውን ምሳሌ ያመጣል፦ እስራኤል በመልካም ወይራ ተመስሎ፣ ከቅርንጫፎቹ አንዳንዶቹ ተሰበሩ፤ ከአሕዛብ የሆነው አማኝም እንደ በረሃ ወይራ ቅርንጫፍ በመካከላቸው ገባ፤ ይህን ምሳሌ ለመረዳት እኛ ከብዙዎች የተሻለ ዕድል ያለን ይመስለኛል። በየቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ የምናውቀው ወይራ ዘይት የሚጨመቅበት ወይራ አይደለም፤ የዚያው ዛፍ የዱር ዘመድ ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ሥጋውም ስስ ስለሆነ ዘይት አወጣበታለሁ ብሎ የሚደክም የለም። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን እናጥንበታለን፣ በትር እንቆርጥበታለን፣ ጥርሳችንን እንፍቅበታለን። «የበረሃ ወይራ የሆንህ» የሚለውን ቃል ስሰማ አሁን የሚታየኝ ያ ዛፍ ነው። ዛፍ የሚያዳቅል ሰው እንደ ልማዱ ከመልካሙ ዛፍ ቅርንጫፍ ወስዶ በሌላ ግንድ ላይ ያዳቅላል እንጂ የዱሩን ቅርንጫፍ በመልካሙ ግንድ ላይ አያስገባም፤ ጳውሎስም ነገሩ ከተፈጥሮ ውጭ መሆኑን ያውቃል፤ በግልጽም ይናገረዋል። ደግሞም በምሳሌው ውስጥ ያለው ዛፍ አንድ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን እስራኤልን ተክታ ቆመች ለማለት አሮጌው ዛፍ ከሥሩ ተነቅሎ በቦታው ሌላ መተከል ነበረበት፤ ሐዋርያው ግን የሚናገረው ስለ ተሰበሩ ቅርንጫፎች፣ ስለ ቆመ ግንድና እግዚአብሔር የተሰበሩትን እንደ ገና ሊያስገባቸው ስለሚችል ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያወጣውም ትእዛዝ ለእኛ ነው፦ «በቅርንጫፎች ላይ አትመካባቸው»፤ ሥሩ አንተን ይሸከምሃል እንጂ ሥሩን የምትሸከም አንተ አይደለህም።

ይህ ትእዛዝ ብዙ ዘመን ተዘንግቶ ኖሯል። በቅዳሴው የምንጠቀምበት፣ እኔም እጅግ የምወደው ዮሐንስ አፈወርቅ በ386 እና በ387 በአንጾኪያ፣ በአይሁድ በዓላት ወደ ምኵራብ የሚሄዱ ክርስቲያኖችን ሲገሥጽ ስለ አይሁድ የተናገረው ቃል ዛሬ ሲነበብ ልብ ያቆስላል። ማርቲን ሉተር በ1543 ምኵራቦቻቸው እንዲቃጠሉ መክሮ ጻፈ። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህንኑ የሮሜ ምዕራፍ 11 ቃል መሠረት አድርጋ፣ አይሁድ በእግዚአብሔር የተጣሉና የተረገሙ ተደርገው እንዳይቀርቡ በጉባኤ ያወጀችው በጥቅምት 1965 ነው፤ ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን አይሁድን ከጨረሱ በኋላ ማለት ነው።

የእኛን ታሪክ ማለፍ ደግሞ አልችልም። ክብረ ነገሥት ታቦተ ጽዮን ከኢየሩሳሌም ወደ ኢትዮጵያ መጣች፣ ክብርም አብሯት መጣ ይላል። ታቦቱ፣ የቀዳሚት ሰንበት አከባበር፣ በስምንተኛው ቀን የሚደረገው ግዝረት፣ እነዚህ ሁሉ የእስራኤልን ሥር በቅርብ እንድናውቀው አድርገውናል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ነገር ግን «ክብሩ ወደ እኛ ዞረ» የሚለው እምነት የአይሁድን እምነት ይዘው በመካከላችን ለኖሩት ለቤተ እስራኤል ከባድ ሸክም ሆኖባቸዋል። ዓፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዘመን «የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ (ስደተኛ) ይሁን» ብለው እንደ ፈረዱ ይነገራል፤ «ፈላሻ» የሚለውንም ስም ብዙዎች ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ርስት የተነፈገ ሰው ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ሆነ፤ በሠራውም ሥራ ቡዳ ተባለ።

ያደግሁት ጎንደር አጠገብ ነው። አያቴ ዳዊት የሚደግም፣ እስራኤልን በየመዝሙሩ የሚባርክ ሰው ነበር። አያቴ ሴቲቱ እንስራና ጀበና ከወለቃ ሴቶች ትገዛ ነበር፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን ዓይናቸው ምግባችን ላይ እንዳያርፍ፣ ሌሊት ጅብ እንደሚሆኑ ታስጠነቅቀን ነበር። እንደምትወደን አውቃለሁ፤ የሰማችውን ነው የነገረችን። ሆኖም ያን ቤት ሳስታውሰው ጽዮንን በጸሎት ስንጠራ የጽዮንን ስም ይዘው የኖሩትን ጎረቤቶቻችንን ሰው በላ ማለታችን ዛሬም ያሳዝነኛል። በግንቦት 1991 ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወስደዋል፤ ይቅርታ ልንጠይቃቸው ከሚገባን ብዙዎቹ አሁን ሩቅ ናቸው።

ከመተካት ትምህርት የሸሹ ሌሎች ክርስቲያኖች ደግሞ ከ19ኛው መቶ ዘመን ወዲህ፣ በተለይ ከሰባኪው ከጆን ኔልሰን ዳርቢ ትምህርት በኋላ፣ አይሁድን የመጨረሻው ዘመን ሰዓት ቆጣሪ አድርገዋቸዋል፤ የ1948ቱ የእስራኤል መንግሥት ምሥረታና የ1967ቱ የስድስት ቀን ጦርነትም በትንቢት ሰሌዳ ላይ ተለጥፈዋል። እግዚአብሔር ቃል ኪዳኑን አልሻረም ማለታቸው ትክክል ነው። ነገር ግን ጳውሎስ ስለ ወገኖቹ የጻፈው በታላቅ ኀዘንና በማያቋርጥ የልብ ጭንቀት ነው እንጂ ዘመን ለመቁጠር አይደለም፤ ዛሬ ያለ አንድ መንግሥት የሚያደርገውን ሁሉ ለማጽደቅም ይህን ምዕራፍ መጥቀስ አግባብ አይመስለኝም።

«እስራኤል ሁሉ ይድናል» የሚለውን የሮሜ ምዕራፍ 11 ቃል የተሐድሶው መምህር ካልቪን ከአይሁድም ከአሕዛብም ስለ ተሰበሰበችው ቤተ ክርስቲያን ተረጐመው፤ ሌሎች በየዘመኑ ስላመኑት አይሁድ፣ ሌሎችም በመጨረሻ ስለሚመለሰው ሕዝብ ነው ይላሉ። ጳውሎስ በዚያው ዐረፍተ ነገር ድንዛዜ ሆነባቸው ያላቸው የሥጋ ዘመዶቹ ስለሆኑ፣ በመካከል የቃሉን ትርጉም ይለውጣል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ፤ ስለዚህ ወደ ሦስተኛው አዘነብላለሁ። እንዴት እንደሚሆን ግን ሐዋርያው ራሱ ምሥጢር ብሎት በምስጋና ይደመድመዋል።

በሚቀጥለው እሑድ ባለፈው ሳምንት የተስማማሁበትን መልስ እንደማልቀበለው ለጉባኤው ነገርሁ፤ ለዚያም ወጣት የምዕራፍ 11ን ቁጥር 29 አነበብሁለት፦ «እግዚአብሔር በጸጋው ስጦታና በመጥራቱ አይጸጸትምና።» የዚያን ቀን ትምህርት ከዚህ ቁጥር አላለፈም።