ሻንጣው ውስጥ ያለ የሰው ዕቃ፦ ወደ አሜሪካ ለሚጓዝ

ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚጓዝ ሰው ሻንጣ ብዙውን ጊዜ የእሱ ብቻ አይደለም። መሄዱ ከተሰማበት ቀን ጀምሮ በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ ድርቆሹና ቡናው ከየዘመዱ ቤት ይመጣል፤ ተቀባዮቹም ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደጅ ላይ ይጠብቃሉ። ልማዱን አልነቅፍም፤ የአገር ቤት ጠረን ውቅያኖስ የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነውና። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ጉምሩክ ዕቃውን የሚጠይቀው ላኪውን ሳይሆን ይዞ የመጣውን ሰው ነው፤ «የአክስቴ ልጅ የላከችው ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ከኃላፊነት አያድንም።

ብዙ መንገደኛ የመኮንኑን ጥያቄ «የተከለከለ ነገር ይዘሃል ወይ?» እንደ ማለት ይረዳዋል። የሚጠየቀው ግን ምግብ፣ ተክል፣ ዘር፣ ሥጋ ወይም የእንስሳት ተዋጽኦ ይዞ እንደሆነ ነው፤ ሽሮም በርበሬም ምግብ ስለሆኑ መልሱ «አዎ» ነው። ይዣለሁ ብሎ ያስታወቀ ሰው ዕቃው ተፈትሾ የሚፈቀደው ያልፍለታል፣ የማይፈቀደው ይወሰድበታል፤ በዚህ ምክንያት ግን አይቀጣም። የለኝም ብሎ የተገኘበት መንገደኛ፣ መጠኑ ለንግድ የሚሆን ባይሆንና ጥፋቱ የመጀመሪያው ቢሆን እንኳ፣ እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ገጠር ከርሞ የከብት በረት የረገጠ ሰውም ስለዚሁ ይጠየቃልና ጫማውን አስቀድሞ ከጭቃ ቢያጸዳ መልካም ነው።

የተፈጨ ደረቅ ቅመምና የተቆላ ቡና አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ያልፋሉ። ጥሬ ቡና ቡና ወደሚበቅልባቸው ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ አይገባም እንጂ ወደ ዋናው ምድር ይገባል። ብዙውን ጊዜ ጣጣ የሚያመጣው ቋንጣ ነው። አሜሪካ የአፍተግር በሽታ በከብቶቿ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1929 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ በሽታው ካለባቸው አገሮች የሚመጣ ሥጋ በፀሐይ ደርቋል ተብሎ አይታለፍም። ሻንጣ በሚወርድበት አዳራሽ ውስጥ የሚዘዋወሩት ትንንሽ የቢግል ውሾችም ሥጋን በጠረኑ ለይተው ከሻንጣው አጠገብ ቁጭ ይላሉ።

እኔ ተከፍቶ ያላየሁትን ዕቃ አልቀበልም። አንዲት እናት ለልጃቸው የሚደርስ ሽሮ አምጥተውልኝ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና እማማ፣ ከፍቼ ልየው» ስላቸው ቅር አላቸው፤ ሲከፈት ከሽሮው መሐል በፌስታል ሦስት ጊዜ የተጠቀለለ ቋንጣ ወጣ። «ለልጄ እንጂ ለጉምሩክ መች ላክሁት!» ብለው ሳቁና ወደ ዘንቢላቸው መለሱት። ሁሉም ላኪ እንደ እሳቸው የዋህ አይደለም። ጫት አገር ቤት በየመንገዱ በግልጽ ይሸጣል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ግን በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመደበ ነው፤ ደርቆና ተፈጭቶ «የሻይ ቅጠል ነው» ተብሎ የተሰጠም ያው ጫት ነው። እንግዲህ ዕቃውን አስከፍቶ ማየት ላኪውን መናቅ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ቀረጡን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ነዋሪ ሆኖ የሚመለስ ሰው በአብዛኛው እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ማስገባት ይችላል።

ገንዘብን በሚመለከት ደግሞ በወሬ ብዙ ስሕተት ይነዛል። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወደ አሜሪካ መግባትም ሆነ ከአሜሪካ መውጣት በአሜሪካ ሕግ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ሳያስታውቁ ማለፍ ነው። አብሮ የሚጓዝ ቤተሰብ በአንድ ቅጽ ሲያስታውቅ የሁሉም ገንዘብ ተደምሮ ይታያል፤ ከማስታወቅ ለማምለጥ ብሎ ገንዘቡን በባልና በሚስት፣ በልጆችም ኪስ ማከፋፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።