እጀታው እጄ ላይ የቀረ ዕለት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ባለ አንድ ኮንዶሚኒየም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ሒሳብ ሠራተኛ ይባል እንጂ መዋጮ ሰብሳቢውም፣ ማስታወቂያ ለጣፊውም፣ አምፖል ቀያሪውም እኔው ነበርኩ።

አንድ የግንቦት ቀን የማኅበሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጠራኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጡረተኛ የሰባት ወር መዋጮ አልከፈለችም። (ድሬ አንቱታ ብዙ አይወደድም፤ እሷን አንቱ ብትላት ትቆጣለች።) "ውሃዋን ዝጋ፣ ራሷ ትመጣለች" አለኝ። ይቻላል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ፒንሳዬን ይዤ ሄድኩ።

የድሬን ውሃ የቀመሰ ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል። የውሃዋ መዝጊያ፣ ጌት ቫልቩም፣ እንደዚያው ተጋግሮ አልዞር አለ። ታገልኩት። ቀጭ አለና እጀታው እጄ ላይ ቀረ። ውሃው በደረጃው ጎረፈ። ዋናውን ስንዘጋው ደግሞ ብሎኩ በሙሉ ደረቀ። በዚያ ሙቀት!

ሰዉ ጀሪካን ይዞ ወጣ። እሷም ሽቲዋን፣ ስስ የቤት ቀሚሷን፣ እንደለበሰች መጣች። አልጮኸችም።

"አባዬ፣ ይሄን በማን ብር ልታሠሩት ነው?"

"በማኅበሩ።"

"ማኅበሩ ስንት አለው?"

ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠቅላላ ጉባኤ አልተጠራም፣ የሒሳብ ሪፖርት አልቀረበም። እሷም መዋጮ ያቆመችው ብር አጥታ አይደለም። ሒሳቡን አሳዩኝ ብላ ሦስቴ መጥታ ነበር። ሦስቴም "ኮሚቴውን ጠይቂ" ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ።

ማታ ኮሚቴው ሲሰበሰብ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ጠበቃ ስለ ጋራ ሕንፃ ቤቶች የወጣውን አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይዞ መጣ። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የጋራ ቧንቧው የባለቤቶቹ ሁሉ ነው፤ ማኅበሩ የሚያስተዳድረው ስለ እነሱ ሆኖ ነው አለን። "መክፈል ግዴታዋ ነው፤ እምቢ ካለች ክሰሷት። መጠገንና ሒሳብ ማሳየት ደግሞ የእናንተ ነው። ውሃ መዝጋት ደንባችሁ ላይ የት አለ?" ሰብሳቢው ደንቡን ከፊት ወደ ኋላ ገለበጠው። የለም።

በሳምንቱ ጉባኤ ተጠራ። ደብተሩን ቆሜ አነበብኩ። የፓምፕ ጥገና፣ 2,400 ብር የሚለው ጋ ስደርስ ደረሰኝ እንደሌለው ትዝ አለኝና ድምፄን ቀነስኩ።

ሲያልቅ እሷ የሰባት ወሩን ቆጥራ ሰጠችኝ። ደረሰኟን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በመነጽሯ ላይ አየችኝ።

"የፓምፑስ?"