ስንት ጠብታ?

ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ አባርቷል፤ ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል። ሐዋሳ እንዲህ ስትሆን ያለ ምክንያት ሆድ ይብሳል። የገላ መታጠቢያ ውሃ ጥደናል። ታናሼ ያቺን ቡናማ ጠርሙስ ይዛ በሩ ላይ ቆመችና «ስንት ጠብታ ላድርግበት?» አለችኝ።

ጠርሙሷ የጠጅ ሳር ዘይት ናት። ስትከፈት ቤቱ በዓል በዓል ሸተተኝ፣ ጉዝጓዙ ትኩስ እንደሆነ ማለዳ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ከጠብታው ቁጥር አልፎ ሄደ።

ይህ ዘይት እንዴት እንደሚወጣ አስባለሁ። ወንዶ ገነት ቅርባችን ነው፤ እዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛማ ዕፅዋት ላይ ይሠራል። ቅጠሉ በርሜል ውስጥ ይታጨቅና እንፋሎት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ ሽታውን ተሸክሞ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ቱቦ ሲያልፍ መልሶ ውሃ ይሆናል፤ ዘይቱም ከላይ ይንሳፈፍና ይቀዳል። ከ100 ኪሎ እርጥብ ሣር ግማሽ ኪሎ ዘይት ቢገኝ ነው። አንዲት ጠብታ ማለት እንግዲህ የአንድ ጭብጥ ሣር ሽታ ናት። ደግሞም ከውሃው የተለየው አልቀላቀል ስላለ ነው። መልሰን ውሃ ላይ ስናንጠባጥበው ታዲያ ይሟሟል ብለን የምንጠብቀው ለምንድን ነው?

አይሟሟም። ገንዳ ሙሉ ውሃ ላይ 5 ጠብታ ቢደረግ 5ቱም ላይ ላዩን ይንሳፈፋሉ፤ ሰው ሲገባ ሳይቀጥኑ ገላው ላይ ይለጠፋሉ። ብብትና ብሽሽት ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ቀድመው ይቃጠላሉ። ሙቀቱም ቆዳውን ስለሚያለሰልሰው ዘይቱ ቶሎ ይሰርጋል። ጨው ላይ አንጠባጥቦ መጨመርም ያው ነው፤ ጨዉ ሟሙቶ ይሄዳል፣ ዘይቱ ይቀራል። በባልዲና በጆግ ለሚታጠብ ሰው እንዲያውም ይብሳል፤ የተንሳፈፈው በመጀመሪያው ጆግ ይቀዳና በአናት ወርዶ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው በምን ተበጥብጦ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የሰሊጥ ወይም የሱፍ ዘይት፣ አለዚያም ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና በደረቅ ብርጭቆ ይደረጋል። ለአዋቂ ሰው እንደ ላቬንደር ያለው ለስላሳው ከ3 እስከ 5 ጠብታ ይበቃል። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ 5 ጠብታ በዚያ ማንኪያ ውስጥ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጠጅ ሳር ግን ሲትራል የሚባለው ነገር ስለሚበዛበትና ቆዳን ስለሚያስቆጣ ከ2 ጠብታ አይለፍ። ውሃው ሞልቶ ሙቀቱ ለገላ ከተስማማ በኋላ፣ ልንገባ ስንል ድብልቁ ይጨመራል፤ ቀድሞ ከተጨመረ ሽታው በእንፋሎት ይጠፋል። ገላ ላይ ውሎ ለማያውቅ ዘይት ደግሞ ከዚሁ ድብልቅ ትንሽ ክንድ ላይ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። በባልዲ ለሚታጠብ ከሳሙናው ጋር አዋህዶ ከአንገት በታች መቀባትና መታጠብ ይሻላል። ወለሉ ያንሸራትታል፤ በተለይ ከእኛ በኋላ የሚገቡት እማማ ከሆኑ ሳይታጠብ አይለቀቅ።

ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ጦስኝ ዘይታቸው ወደ ገላ መታጠቢያ ባይቀርብ እመርጣለሁ። የናና ዘይት በሙቅ ውሃ ውስጥ ሆኖም ያንቀጠቅጣል። የሮዝመሪ፣ ማለትም የጥብስ ቅጠል ዘይትን ነፍሰ ጡርና የሚጥል በሽታ ያለበት ይተወው። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ምንም አይጨመርም።

ካቃጠለ ውሃ ብቻውን አያነሳውም። በምግብ ዘይት በራሰ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ነው። ዓይን ከገባ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ። ሕፃን ከዋጠው እንዲያስመልሰው ሳያደርጉ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ።

አሁን ደግሞ ጤና አዳም ትዝ አለኝ። ስሙ ራሱ ያዘናጋል። ቡና ላይ ጣል ስለምናደርገው ገላም ላይ ወዳጅ ይመስለናል። ግን ጭማቂው ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያቃጥል ነገር አለው። በጤና አዳም ታጥቦ በቀትር ሐይቁ ዳር የዋለ ሰው በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ውሃ ይቋጥራል፤ ጥቁሩ ምልክት ለወራት ይቆያል። ተጨምቆ የወጣ የሎሚ ልጣጭ ዘይትም እንዲሁ ነው። «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?» ስባል ለምን እንደምከፋ እነሆ። ቅጠሉ ራሱን ከነፍሳት የሚጠብቅበትን ነው ሽታ ብለን የወደድነው።

ታናሼ ሲሰለቻት በተራ ሳሙና ታጥባ ተኝታለች። ጠርሙሷ እጄ ላይ ቀረች። «ጠጅ ሳር» ከሚለው በቀር ጽሑፍ የላትም። አየር የገባበት ዘይት ሲሰነብት ይለወጣል፤ ትናንት ያልጎዳው ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል። ከተከፈተ ዓመት ያለፈውን እኔ ገላ ላይ አላውልም። ክዳኗን አዙሬ አሸተትኩ፤ በዓሉ አሁንም አለ፣ ከሥሩ ግን ስለታም የሆነ፣ ቀለም ቀለም የሚል ነገር አለ መሰለኝ።

የከፈትናት ከሲዳማው ዘመን መለወጫ ከጨምበላላ በፊት ነው ወይስ በኋላ?