አንቀጽ 74ን ለማስተማር የሄድኩበት መንገድ

ወታደራዊ ሕግ የገባሁት በወንጀል ሕግ በር ነው፤ ሌላ በር ያለውም አይመስለኝም። አንቀጽ 74 ራሱ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ ነው፤ በአለቃ ትእዛዝ ወንጀል የፈጸመ የበታች መቼ እንደሚጠየቅ ይናገራል።

አዲሱ የወንጀል ሕግ ግንቦት 1997 ሥራ ላይ ሲውል የሕግ ተማሪ ነበርኩ። መምህሮቻችን የኖሩት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ባረቀቀው በ1949ኙ ሕግ ነበርና፣ ማስታወሻቸው ላይ የድሮውን አንቀጽ ቁጥር እየሰረዙ ነበር የሚያስተምሩን። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ዘርግቶ ማንበብ የለመድኩት ያኔ ነው። የወታደር ወንጀሎች ከአንቀጽ 284 ጀምሮ ተደርድረዋል፤ ፈተና ላይ ስለማይመጡ አብዛኛው ተማሪ ዘሏቸው ያልፋል። እኔን ይዞ ያስቀረኝ 288 ነው፣ ኩብለላ።

ከተመረቅኩ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በወታደራዊ ፍርድ ቤት ለተከሳሾች ጠበቃ ሆኜ ቆምኩ። አንድ ወታደር ፈቃዱ አልቆ ወደ ክፍሉ አልተመለሰም እንበል። ኮበለለ? ሕጉ ከአገልግሎት የመሸሽ ሐሳብ ይፈልጋል። ያለ ፈቃድ መቅረት ራሱን የቻለ፣ ቅጣቱም የቀለለ ወንጀል ነው፤ ኩብለላ ግን በጦርነት ጊዜ እጅግ ከባድ ሲሆን እስከ ሞት ያደርሳል። በሁለቱ መካከል የቆመው ሐሳብ ብቻ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ዙሪያውን እጠይቃለሁ። መሣሪያውን አስረክቦ ነው የወጣው? ዩኒፎርሙን ሸጦታል ወይስ ቤት ሰቅሎታል? ለአለቃው ደውሏል? እቤት የታመመ ሰው አለ? የተያዘውስ እናቱ ጓዳ ነው ወይስ ድንበር ላይ?

እነዚህን ጥያቄዎች መጽሐፍ ላይ አላገኘኋቸውም። የስም ጥሪ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ፈቃድ በቃል ተሰጥቶ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር እንዴት እንደሚቀር ያስረዱኝ የሃምሳ አለቆች ናቸው። ከማንኛውም ሴሚናር ይልቅ ከእነሱ ጋር የጠጣሁት ሻይ ጠቅሞኛል።

ሁለተኛ ዲግሪውና የማዕረግ ዕድገቱ ብዙ የሚወራለት አይደለም፤ ማመልከቻ፣ ወረፋ፣ ጽሑፍ፣ እንደገና ወረፋ።

ባሕር ዳር መጥቼ ማስተማር ስጀምር የቅዳሜና እሑድ ክፍሌን የሞሉት ፖሊሶች፣ ዐቃቤያነ ሕግና ጡረታ የወጡ መኮንኖች ነበሩ። ስለ በታች ታዛዥ ኃላፊነት የሚናገረውን አንቀጽ 74 ስናነብ አንድ ሻለቃ እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ ትእዛዝ ሲመጣ እኮ አንቀጽ ገልጠን አናይም» አሉኝ። «ልክ ነዎት ሻለቃ፤ ሕጉም ገልጠው እንዲያዩ አይጠይቅዎትም» አልኳቸው። ሕጉ የሚይዘው ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመውን ነው፤ ለምሳሌ ሰው ግደል፣ ቤት አቃጥል የተባለውን። እንዲያም ሆኖ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ የዲሲፕሊን ግዴታው አማራጭ ያሳጣው ከሆነ ጭራሽ ላይቀጣውም ይችላል። ትእዛዙን የሰጠው አለቃ ደግሞ በ73 ይጠየቃል። ሻለቃው አልረኩም። ክርክሩ ጣና ዳር አሣ ዱለት ላይ ቀጠለ፤ እውነቱን ለመናገር ደህና ደህና ጥያቄዎች የሚነሱት እዚያ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የቀይ ሽብርን ክስ ይዤ ገባሁ። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተጠርጣሪዎቹን በሦስት መድቧቸው ነበር፦ ፖሊሲውን የወሰኑ፣ ትእዛዙን ያስተላለፉና በየደረጃቸውም የወሰኑ፣ በእጃቸው የፈጸሙ። የደርግ ባለሥልጣናት የተከሰሱበት የዋናው መዝገብ ችሎት በ1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በ1999 ነው። ሦስቱን ምድብ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ 73ና 74 ከወረቀት ወርደው ሰው ሆኑ፤ ክፍሉም ጸጥ ሳይሆን ይበልጥ ተንጫጫ። ሻለቃው አብዝተው የተከራከሩት በመካከለኛው ምድብ ላይ ነበር፤ ከላይ ተቀብሎ ወደ ታች የሚያወርድ ሰው ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ያውቃሉና።

በዚህ ሙያ መግባት የሚፈልጉ ልጆች ሲያማክሩኝ ከ284 አትጀምሩ እላለሁ። መጀመሪያ አንቀጽ 23ን፣ ማለትም አንድን ድርጊት ወንጀል የሚያሰኙትን ሕጋዊ (በሕግ መከልከሉን)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱን) እና ሞራላዊ (የአድራጊውን ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት) ፍሬ ነገሮችን፣ ቀጥሎ ስለ ሐሳብና ቸልተኝነት የሚናገሩትን አንቀጾች በደንብ ጨርሱ። መደበኛ የወንጀል ችሎት ተቀመጡ። ባሕር ዳር ለዚህ ትመቻለች፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 በውክልና የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣንም ይሠራልና በአንድ ግቢ ብዙ ዓይነት ክርክር ይሰማል። የሰበር ውሳኔዎችን አንብቡ፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበት የመጨረሻ ውሳኔ የሚታረመው በሰበር ነው።

እኔ አሁን የምሰጠው የቤት ሥራ አንድ ነው። ፈቃዱ አልቆ ያልተመለሰውን ወታደር ታሪክ በአንድ ገጽ እሰጣቸዋለሁ፤ ግማሹ ክፍል ክሱን፣ ግማሹ መከላከያውን ይጽፋል፣ በሳምንቱ ይቀያየራሉ። ዐቃቤ ሕግ የሆነው ወገን ሁልጊዜ 288ን ይዞ ይሮጥና ሐሳብን የሚያሳይ ማስረጃ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከፍተኛውን ነጥብ የምሰጠው እዚያ ቆሞ ክሱን ወደ ቀለለው አንቀጽ ላወረደ ተማሪ ነው።