የሰኞ ትንፋሽ

ዛሬ አጎቴን ይዤ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ዋልሁ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ጥጥ በሚባዘትበት ክፍል፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ አክታቸው ለሳንባ ነቀርሳ ተመርምሮ ነጻ ተብለዋል። ሳሉ ግን አብሯቸው ጡረታ ወጣ።

ወጣቷ ሐኪም ያልጠበቅነውን ጠየቀች፦ «አባቴ፣ ሥራ ላይ ሳሉ በየትኛው ቀን ይብስብዎት ነበር?»

«ሰኞ» አሉ ሳያመነቱ። «ደረቴን ጥፍር አድርጎ ያስረኝ ነበር። እስከ ረቡዕ ይለቀኛል።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ቢሲኖሲስ ይባላል አለችን። የጥጥ ብናኝና በውስጡ ያለው የባክቴሪያ መርዝ የአየር ቧንቧን ያጠብባል፤ ከዕረፍት በኋላ በሚመለሱበት የመጀመሪያ ቀን ይበረታል። ገና ሲጀምር ከብናኙ የራቀ ሰው ይሻለዋል፤ ዓመታት ከተቆጠሩ ግን የጠበበው እንደ ጠበበ ይቀራል። አጎቴ ደግሞ አፋቸውን በነጠላ ቁራጭ ሸፍነው ነው የኖሩት፤ ነጠላ ትንሿን ብናኝ አያስቀርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ለእሳቸው ግን አሁን ዘግይቷል።

ባለቤታቸው ግን ያን ሁሉ ዘመን ጥፋቱን በእሑዱ ጠላ ላይ ስትጭን ኖራለች! ምስኪን ጠላ።

በጣና ዳር በእግር ስንመለስ ሦስት ጊዜ ቆመው ሐይቁን ተመለከቱ። እኔ እስከማውቃቸው ድረስ ሐይቅ ቆመው የሚያዩ ሰው አልነበሩም።