ለሚጢ ደረቅ ምግብ ስመርጥ፦ ደብረ ማርቆስ ሆኜ የተማርኩት

ውሻዬ ሚጢ 4 ኪሎ ትመዝናለች። ነጭ ናት፣ ጸጉሯ ረጅም ነው፣ እናቷ ማልቲዝ ከሚባለው የትንንሽ ውሾች ዝርያ ናት ተብያለሁ፣ አባቷን ግን በእርግጠኝነት የሚነግረኝ አላገኘሁም። ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝ እህቴ ናት። እዚህ ደብረ ማርቆስ ውሻ ሲባል ሰው የሚያስበው ግቢ የሚጠብቅ፣ የተረፈውን በልቶ ደጅ የሚያድር ነው። ስለዚህ ለሚጢ የታሸገ ምግብ ልገዛ ነው ስል ሰፈርተኛው ሳቀብኝ። ይሳቅ። ምክንያት ነበረኝ።

እኛ ቤት የሚተርፈው ወጥ ነው። ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያበላሻል፣ መብሰሉም መርዙን አያጠፋውም። ውሻ ላይ ጉዳቱ የሚታየው በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ሲበላ ነው። 30 ኪሎ ለሚመዝን የግቢ ውሻ ይህ ቢያንስ 450 ግራም ማለት ነው፣ አንዴ ወጥ ቢልስ ብዙም ላይጎዳው ይችላል። ለሚጢ ግን 60 ግራም ይበቃል። አንድ ትንሽ ራስ ሽንኩርት! ለዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ እንደሚከተፍ ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ቀጥሎ ጾሙ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15፣ በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ። በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ቤት ውስጥ ያለው ሽሮና ክክ ነው። ጎረቤታችን እማማ «አንተ ልጅ፣ እሷስ ብትጾም ምን ትሆናለች? ከእኛ ትበልጣለች እንዴ!» አሉኝ እየሳቁ። የእሳቸው ውሻ ግን ውጭ ወጥቶ የሚበላውን ራሱ ፈልጎ ይመጣል፣ የእኔዋ ከበረንዳ አታልፍም። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ በግ ታርዶ ሳንባና ጉበቱ ጥሬውን ለውሻ ይጣላል። ይህን እኔ ቤት ከልክያለሁ። ኢኪኖኮከስ የሚባለው ትንሽ የኮሶ ትል ዓይነት ወደ ውሻ የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው፣ ከውሻው ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ያድጋል።

እንግዲህ ደረቅ ምግብ ይሁን አልን። የትኛው?

የከተማችንን የእንስሳት ሐኪም ጠየቅኩት። ውሎው ከከብት፣ ከበግና ከፈረስ ጋር ነው፣ ሚጢን ሲያይ ራሱ ፈገግ አለ። ግን የሰጠኝ ምክር እስከዛሬ ከሰማሁት ሁሉ ይሻላል። «የፊቱን ሥዕል ተወው፣ ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ» አለኝ። እውነቱን ነው። ፊት ለፊቱ ላይ የተጠበሰ ዶሮ፣ ካሮት፣ የሚስቅ ውሻ አለ። «ፕሪሚየም» የሚለው ቃል እንኳን አሜሪካ ውስጥ በሕግ የተቀመጠ ትርጉም የለውም፣ ማንም ይጽፈዋል።

ጀርባው ላይ መጀመሪያ የምፈልገው ምግቡ «ሙሉና የተመጣጠነ» መሆኑንና ለየትኛው ዕድሜ እንደተሠራ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ነው። «ተጨማሪ» ወይም «ማሟያ» የሚል ከሆነ መክሰስ ነው፣ በእሱ ብቻ ውሻ አታኖሩም። የአሜሪካው የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር፣ አፍኮ የሚባለው፣ ለአዋቂ ውሻ ቢያንስ 18 በመቶ ፕሮቲንና 5.5 በመቶ ስብ ይላል፣ ለቡችላ 22.5 እና 8.5። ቁጥሮቹ ውሃው ወጥቶ የሚሰሉ ናቸው። ደረቅ ምግብ ውስጥ 10 በመቶ ገደማ ውሃ አለ፣ ስለዚህ ከረጢቱ 26 በመቶ ፕሮቲን ካለ 26ን ለ90 አካፍሉት፣ ወደ 29 በመቶ ይመጣል። የትንንሽ ዝርያ ቡችላ ከ10 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ አድጎ ስለሚጨርስ ከዚያ በኋላ ወደ አዋቂ ምግብ ማዛወር ይቻላል፣ ትልልቆቹ ናቸው ከዚያ በላይ የሚቆዩት።

የግብዓቱን ዝርዝር በተመለከተ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ቅደም ተከተሉ ከመድረቁ በፊት ባለው ክብደት ነው። «ትኩስ ዶሮ» አንደኛ ቢጻፍ 70 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፣ ሲደርቅ ወደ ታች ይወርዳል። «የዶሮ ዱቄት» የሚለው ደግሞ ቀድሞ የደረቀ ስለሆነ በክብደት ሲታይ ብዙ ፕሮቲን ይዟል፣ ዱቄት ስለተባለ ብቻ አትናቁት። በቆሎን በሦስት ስም ከፋፍለው ወደ ታች የሚያወርዱም አሉ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ የተፈጨ በቆሎ፣ የበቆሎ ግሉተን እያሉ። ደምሩትና አንደኛ እሱ ሊሆን ይችላል።

በቆሎ መኖሩ ግን በራሱ ችግር አይደለም። «እህል የሌለበት» እየተባለ በውድ የሚሸጠውን እኔ አልገዛም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ውሻ ከተኩላ ተለይቶ ከሰው ጋር ሲኖር ስታርች የመፍጨት አቅም እንዳዳበረ በዘረ መሉ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አተርና ምስር የበዛባቸው እህል አልባ ምግቦች ከውሻ የልብ ጡንቻ ሕመም ጋር ይያያዙ እንደሆነ መመርመር ጀመረ። ምክንያትና ውጤቱ እስካሁን አልተረጋገጠም። እኔ ግን ተጨማሪ ገንዘብ ከፍዬ ጥርጣሬ የምገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ማለትም ለትንሽ ውሻ ብቻ ወደሚሆነው ነገር ልምጣ። ትንሽ ውሻ በጠቅላላው ጥቂት ትበላለች፣ በኪሎ ሲታሰብ ግን ከትልቁ ትበልጣለች። ስሌቱን ስልካችሁ ላይ መሥራት ትችላላችሁ። ክብደቷን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዙ፦ 4 በ4 በ4፣ 64። ስኩዌር ሩቱን ሁለት ጊዜ ተጫኑ፣ መጀመሪያ 8 ከዚያ 2.83 ይሰጣችኋል። በ70 አባዙት፣ 198 ኪሎ ካሎሪ ገደማ። ይህ ዝም ብላ ተኝታ ብትውል እንኳን የሚያስፈልጋት ነው፣ በኪሎ ወደ 50 ማለት ነው። ለ30 ኪሎ ውሻ ሥሩት፣ በኪሎ 30 አካባቢ ይመጣል። ከዚያ እንደ እንቅስቃሴዋ ይባዛል፣ ቤት ለምትውል ከ1.2 እስከ 1.4፣ ለምትሯሯጥ 1.6 ወይም 1.8። ሚጢን በ1.4 ያዝኳት፣ 277 ኪሎ ካሎሪ ወጣ። የመረጥኩት ምግብ በ100 ግራም 370 ኪሎ ካሎሪ ስላለው በቀን 75 ግራም ይበቃታል።

ክብደቷን እንዴት እንዳወቅኩ ትጠይቁኝ ይሆናል። ዘንቢል ውስጥ አስገብቼ አትክልት ቤት ሚዛን ላይ ነው ያስመዘንኳት። ሻጩ «ይቺ በኪሎ ስንት ናት?» እያለ ቀለደብኝ፣ ግን መዘናት። ምግቡንም እዚያው አስመዘንኩና ሲኒ ለካሁበት። እኛ ቤት ያለው ሲኒ ሲሞላ 30 ግራም ገደማ ይይዛል፣ ስለዚህ በቀን ሁለት ሲኒ ተኩል ነው፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። የእናንተን ሲኒ ራሳችሁ መዝኑ፣ ሁሉም ሲኒ አንድ አይደለም፣ የፍሬውም መጠን ይለያያል። በነገራችን ላይ ፍሬው ትንሽ ይሁን፣ ለትልቅ ውሻ የተሠራውን እንዲህ ያለች አፍ አትችለውም፣ ወይ ትተወዋለች ወይ ሳታኝክ ትውጠዋለች።

እዚህ ላይ ጉርሻውን አስቡ። ከምግቡ ውጪ የሚሰጣት ነገር ሁሉ ከቀን ካሎሪዋ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ለሚጢ 27 ኪሎ ካሎሪ ነው፣ 10 ግራም ዳቦ ጨረሰው ማለት ነው። እንግዳ ደግሞ ሳያጎርስ አይወጣም። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ከራሷ ምግብ ጥቂት ፍሬ በሲኒ ማስቀመጫ አቀርብላቸዋለሁ፣ ማጉረስ የፈለገ ከዚያ ያጉርስ። ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል፣ ቀስ እያለ ይለምደዋል።

ዋጋን የማወዳድረው በኪሎ አይደለም፣ በቀን ነው። አንዱ በ100 ግራም 320 ኪሎ ካሎሪ ሌላው 400 ቢኖረው ሚጢ ከመጀመሪያው 87 ግራም ከሁለተኛው 69 ግራም ነው የምትበላው። ርካሽ የመሰለው ቶሎ ያልቃል።

ግን ትልቁን ከረጢት ገዝቼ ልገላገል አትበሉ! አዲስ አበባ ሄዳችሁ ስትመጡ የሚያጓጓው እሱ ነው፣ 10 ኪሎው በኪሎ ሲሰላ ሁሌም ይረክሳል። በቀን 75 ግራም ለምትበላ ውሻ ግን 10 ኪሎ ከ4 ወር በላይ ይቆያል፣ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ በስድስት ሳምንት ገደማ ቢያልቅ ነው የሚሻለው። ፍሬው ላይ የተረጨው ስብ አየር ሲያገኘው ይሻግታል፣ የከረመ ዘይት ይሸታል፣ ቫይታሚኑም ይቀንሳል። 2 ኪሎው ለእኛ አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያልቃል፣ ልክ ነው። ትንሽ ውሻ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ትልቁን ሳይከፈት አብራችሁ ገዝታችሁ መካፈልም ይቻላል፣ እኔ እንዲህ የማደርግበት ጊዜ አለ።

በፌስታል እየተመዘነ የሚሸጠውን ግን በፍጹም። መቼ ተከፈተ? ለየትኛው ዕድሜ ነው? ስንት ካሎሪ? ፌስታል ላይ አይጻፍም።

ቀኑን ሳታዩ ብር አታውጡ። እዚህ ድረስ የሚመጣው ምግብ መንገድ ላይ ከርሟል፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የዓባይ በረሃን ሙቀት ቁልቁልና ሽቅብ አልፎ ነው የሚደርሰው፣ ከዚያ በፊትም በመርከብ ተጭኖ ስንት ወር መጥቷል። ማብቂያ ቀኑ ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ልጁ 2026 የሚለውን አሳይቶኝ «ገና ስንት ዓመት ይቀረዋል!» ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ፣ ከልቡ ነበር። የእኛ ከእነሱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚዘገይ ነው። ለማንኛውም እኔ ለማብቂያው ቢያንስ ስድስት ወር የቀረውን ብቻ ነው የምገዛው።

ክረምት ሌላ ጉዳይ ነው። የደብረ ማርቆስ ሐምሌና ነሐሴ ብርድ ብቻ ሳይሆን እርጥበት ነው፣ የተጣጠፈ ልብስ እንኳን ይሻግታል። ቡሬና ወምበርማ በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ሻጋታ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ያውቃል። አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ የሚያወጣው አፍላቶክሲን ጉበት ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻና በ2021 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በአፍላቶክሲን የተበከለ የውሻ ምግብ ከ110 በላይ ውሾች ሞት ጋር ተያይዟል፣ ያውም ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ምግብ ነው። እኔ ምግቡን ከራሱ ከረጢት አላወጣውም። አፉን ጠቅልዬ በልብስ መቆንጠጫ እይዘውና ከነከረጢቱ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጌ። ባልዲው ውስጥ ከገለበጣችሁት የአሮጌው ስብ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ አዲሱን ያበላሸዋል፣ የምርት ቁጥሩም ከከረጢቱ ጋር ይጣላል።

ብራንድ ንገረን የሚለኝ አይጠፋም። አልናገርም፣ ምክንያቱም ዛሬ ያገኘሁትን በሚቀጥለው ወር ላላገኘው እችላለሁ። ይልቅ ዓለም አቀፉ የትንንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ስለ አምራቹ ጠይቁ ከሚላቸው ነገሮች ሁለቱን ያዙ፦ በእንስሳት ሥነ ምግብ የሠለጠነ ባለሙያ ቀጥሯል ወይ? ምግቡን ራሱ ያመርታል ወይስ ሌላ ያስመርታል? ድረ ገጹ ላይ ይህን የማይመልስ ድርጅት የዶሮ ሥዕሉ ቢያምርም እኔን አያሳምነኝም።

ምግብ መቀየር ሲኖርባችሁ በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ አዲሱን ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እያደረጋችሁ ከአሮጌው ጋር ቀላቅሉ፣ ካልሆነ ተቅማጥ ነው። ከዚያ በኋላ ምግቡ እንደተስማማት የሚነግራችሁ ከረጢቱ ሳይሆን ጎኗ ነው። ጸጉሯ ስለሚያታልል በዓይን አትፍረዱ፣ በእጅ ዳስሱ። የጎድን አጥንቷ ሳትጫኑ ከተሰማችሁ ልክ ነው፣ እየፈለጋችሁ ከሆነ ሲኒውን ቀንሱ። ሚጢ ላይ ግማሽ ኪሎ መጨመር ማለት ከክብደቷ አንድ ስምንተኛ ነው።

ጥርስን በተመለከተ «ደረቅ ምግብ ጥርስ ያጸዳል» የሚባለውን አትመኑት፣ ተራው ደረቅ ምግብ ያን ያህል አይረዳም፣ ትንንሽ ዝርያዎች ደግሞ ጥርሳቸው ተጨናንቆ ስለሚበቅል ድዳቸው ቶሎ ይታመማል። እኔ የሕፃን ልጅ ለስላሳ ብሩሽ ገዝቼ ማታ ማታ እቦርሽላታለሁ። ደስ ይላታል ብዬ አልዋሽም። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም፣ ፍሎራይድ አለው፣ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ያለበትም አለ፣ እሱ ውሻ ላይ የደም ስኳር በድንገት ያወርዳል። የውሻ ሳሙና እዚህ ስለማይገኝ በውሃ ብቻ ነው የምቦርሸው።