ታዳጊዎችን ስለ አባላዘር በሽታ ሳስተምር

ለታዳጊዎች ስለ አባላዘር በሽታ ማስተማር ስጀምር አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ የቆሰለ ገላ ፎቶ አላሳይም። ብዙ አስተማሪዎች በዚያ ይጀምራሉ። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ፊታቸውን ይሸፍናሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሲወጡ ግን ይዘውት የሚሄዱት ሐሳብ «እንዲህ ካልሆንኩ በሽታው የለብኝም» የሚል ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። ክላሚዲያ የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም ምልክት አያዩም። ጨብጥም ብዙ ሴቶች ላይ ሳይታወቅ ይቆያል። ሁለቱም ካልታከሙ መካንነት ሊያመጡ ይችላሉ። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ በራሱም ይጠፋል። በሽታው ግን አይጠፋም። ይህን ሲሰሙ «ታዲያ በምን ይታወቃል?» ይላሉ። በምርመራ። እኔም ወደዚህ ነው ላመጣቸው የምፈልገው።

«ጥያቄ ያለው?» ማለት ዋጋ የለውም። ማን እጁን ያወጣል? ስለዚህ ለሁሉም ብጣሽ ወረቀት አድላለሁ። ስም አይጻፍም። ጥያቄ የሌለውም «የለኝም» ብሎ ይጽፋል። ሁሉም አቀርቅሮ ሲጽፍ የምር ጥያቄ ያለው ማን እንደሆነ አይለይም።

«ከሽንት ቤት መቀመጫ ይይዛል?» የሚል አይጠፋም። አይዝም። «የእርግዝና መከላከያ ክኒን ከወሰደች ኮንዶም ለምን?» የሚልም አለ። ክኒኑ በሽታን ስለማይከላከል ነዋ! «በአፍ ከሆነስ?» ጨብጥ፣ ቂጥኝና ሄርፒስ በአፍ በሚደረግ ወሲብም ይተላለፋሉ። ይህን ጥያቄ እንደሌሎቹ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። እኔ ከተሽኮረመምኩ ማንም ሁለተኛ አይጠይቀኝም።

ስለ ኮንዶም አላጋንንም። በትክክል ሁልጊዜ ከተጠቀሙበት ኤች አይ ቪን፣ ጨብጥንና ክላሚዲያን በደንብ ይከላከላል። ሄርፒስና ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ ግን በቆዳ ንክኪ ስለሚተላለፉ፣ ያልተሸፈነው ቦታ ክፍት ነው። «ይህን ከሰሙ ጭራሽ ይተዉታል» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። አይመስለኝም። የደበቅነውን ከሌላ ሰው ከሰሙት ግን የነገርናቸውንም አያምኑም።

ኤች ፒ ቪ ሲነሳ ክትባቱም ይነሳል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ይኸው ቫይረስ ነው፤ ክትባቱ በዋናነት የሚመከረው ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች ነው። ወላጆች «ገና ሕፃን እኮ ናት!» ይላሉ። የሚሰጠውም ለቫይረሱ ከመጋለጧ በፊት እንዲሆን ነው።

ኤች አይ ቪ ላይ ስደርስ ቃል እመርጣለሁ። እዚያ ከተቀመጡት መካከል ከቫይረሱ ጋር የተወለደ ልጅ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቀልድ አላስነሳም፣ «እነሱ» እያልኩም አላወራም። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በወሲብ እንደማያስተላልፍ በግልጽ እናገራለሁ። ብዙ አዋቂዎች እንኳ ይህን አያውቁም።

ሰሌዳው ላይ በትልቁ የምጽፈው 72ን ነው። ኮንዶም የተቀደደበት ወይም የተደፈረ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ግን ቶሎ፣ ጤና ተቋም ከደረሰ ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል። ለ28 ቀን ይወሰዳል። የተደፈረ ልጅ ምንም ጥፋት እንደሌለበትም እዚያው እናገራለሁ። ልጁ ቀድሞ ለማን ሊነግር እንደሚችል፣ የትኛው ጤና ተቋም እንደሚሄድና ሲደርስ ምን እንደሚል አብረን እናወራለን። አብዛኛውን ጊዜ የክፍለ ጊዜው ግማሽ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።